ለምሥጋናው የላክሁት የፋሲካ ዶሮ

ባሕር ዳር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ አምሳል፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ያፈርሁበትን ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። ደብዳቤሽን ያመጣውን የሚኒባስ ሹፌር መናኸሪያ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ፂሙን አሳድጓል፣ ሆዱም ወጣ ብሏል። «አገርህ የት ነው ወንድሜ? የደባርቅን ሰው ታውቃለህ?» እያልሁ እንደ እንግዳ አዋራዋለሁ። «ጽጌ፣ እኔ እኮ አሻግሬ ነኝ፤ ሽማግሌ ልኬ አባትሽ ‹ልጄ ትማራለች› ብለው የመለሱኝ» አይለኝም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንዴት ሰው ሽማግሌ የላከበትን ሰው ይረሳል? ደግነቱ እየሳቀ «እንኳን አልሰጡኝ፤ በዚህ አረሳስሽ ልጆቻችንንም ገበያ ላይ ትረሻቸው ነበር» ብሎኝ ሄደ። ኔትወርኩ እንዲህ እንደጠፋ ከከረመ እንግዲህ ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን እሱው ነው። ማፈሬን እችለዋለሁ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። አዎ፣ መጽሔቱ ላይ ያነበብሽውን የጻፍሁት እኔው ነኝ። ከነፎቶዬ ወጥቶ እንዴት እክዳለሁ? «ሰው ሲታሰር ታርሞ እንዲመለስ እንጂ በስብሶ እንዲወጣ አይደለም» ያልሁትም እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለሥራ አንድ ማረሚያ ቤት ገብቼ ባሏን የገደለች ሴት አነጋግሬያለሁ። አሁን የእስረኞቹን ጸጉር የምትሠራው እሷ ናት። ማበጠሪያውን እንዴት በቀስታ እንደምትይዘው ብታይ! የእኛን ቤት እያሰብሁ አልጻፍሁትም፤ እንዲያውም የእኛን ቤት እየሸሸሁ ነው የጻፍሁት። ግን እስኪ አስቢው እትዬ፤ የኔሰው ቢሰቀል ወንድማችን ታደለ ከመቃብር አይነሣ። ሃያ ዓመት ገርፈን፣ አውሬ አድርገን ብንፈታው ደግሞ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ዳባት፣ ወደ እኛው አጥር ሥር ነው።

መሪጌታ ቃለ አብ ሽማግሌዎች ይዘው ቤትሽ መምጣታቸውን ጽፈሽልኛል፤ ምን ብለሽ እንደሸኘሻቸው ግን አልነገርሽኝም። የኔሰው የይቅርታ ጥያቄው የሚታይለት የሟች ቤተሰብ ሲታረቀው ነው አሉ። ያለ አንቺ ቃል ወንድማችንን የገደለው ሰው እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ክብደቱ ይገባኛል። እኔ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም ብልሽ ግን መዋሸት ይሆንብኛል፤ ጽፌዋለሁና።

ደግሞ ስለ ምሥጋናው አንዲት ቃል የለም። አራት ገጽ ጽፈሽ ስለ ታናሻችን አንዲት ቃል? ምነው?

እኅትሽ ጽጌሬዳ

―――

ደባርቅ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለጽጌሬዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ብርዱ ዘንድሮ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ሌላው ደኅና ነው። አሻግሬ ምግብ ቤቴ ገብቶ ሽሮውን እየበላ ሁሉን ዘርግፎታል። መናኸሪያው ሙሉ ሲስቅብሽ ሰነበተ። አሁን ሹፌሩ ሁሉ እየመጣ «እኔንስ እኅትሽ ታውቀኛለች ወይ?» ይለኛል።

ሽማግሌዎቹን ምን አልሻቸው ብለሻል። መሪጌታ ቃለ አብ ከወለተ ጊዮርጊስ ቤት የተጋገረ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር የመጡት። የገዳዩ እናት ዳቦ! ያገራችንን ደንብ ባሕር ዳር አስረስቶሽ እንደሆነ ላስታውስሽ፤ ደም የተቃባ ሰው አንዱ የሌላውን እህል አይቀምስም። ከቀመሰና ጉሮሮው ካለፈ ታርቋል፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ያነሣ እንደሆነ ያገር ውጉዝ ነው። ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልሁ፣ ጉልበት ስሜ አመሰገንሁ፣ ወደ ጓሮ ዞርሁና ለውሻው ወረወርሁለት። ተመልሼም «አባቶቼ፣ ውሻችን ታርቋል፤ እኔ ገና ነኝ» አልኋቸው። አንዱ ሽማግሌ ሳቁ አምልጦት በጋቢው አፉን ያዘ። መሪጌታ ግን መስቀላቸውን አውጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። በሩን ዘጋሁት፤ በመስቀል ላይ ዘጋሁ። ለነፍስ አባቴ እናገረዋለሁ፤ አንቺ አትፍረጂብኝ።

ማረም፣ ማረም ትያለሽ። ሰው የገብስ ማሳ ነው እንዴ የሚታረመው? አንቺ የደረስሽው በቀብሩ ማግስት ነው። ራሱን አላየሽውም። ያጠብሁት እኔ ነኝ። ፋሱ ከግንባሩ ገብቶ እስከ ጆሮው ወርዶ ነበር። ሁለቱን ወገን ገጥሜ በነጠላዬ ጫፍ አሰርሁት፤ ውሃ ባፈሰስሁ ቁጥር እየላላ ይከፈትብኛል። ያንን በእጄ መልሼ… ተይው። ለምን? በሬው አጥር ጥሶ የየኔሰውን ገብስ በላ ተብሎ። በሬው ራሱ ዛሬም አለ፤ ያርሳል።

አሥራ ስምንት ዓመት ፈረዱበት፤ ሦስቱን ሳይጨርስ ለይቅርታ ሽማግሌ ይልክብኛል። እዚያ ገብቶ ወፍሯል አሉ። ፊደል ቆጥሯል፤ ጋቢ ይሸምናል። ታደለስ ምን ተማረ? ያኔውኑ ቢሰቅሉት ቀጥሎ ፋስ የሚያነሣ ሰው እጁ ይርድ ነበር። እናንተ የተማራችሁት የገዳይን ነገ ታስባላችሁ፤ የሞተውስ ነገ የለውም?

የዘንድሮውን የሙት ዓመት ሽማግሌዎቹ በሄዱ በሳምንቱ አውጥተናል። ሰው ሞልቶ ነበር። ታንጉት አልቃሿም መጥታ ነበር፤ ማን እንደጠራት አትጠይቂኝ። ደረቷን እየደቃች እንዲህ አለች፦

ታደለ ተኝቷል ራሱን ተከፍሎ፣
ወንድሙ ይሸምታል ገበያ ላይ ውሎ።

ወንዱ ሁሉ ወደ ምሥጋናው ዞረ። ምሥጋናው የያዘውን ጠላ እንዳጋመሰ አስቀምጦ ወጣ።

እሱ ደኅና ነው። ለሥራ ቆላ ወርዷል። ከዚህ ወዲያ ብዙ አትጠይቂኝ።

አምሳል

―――

ባሕር ዳር፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ እንለፈው።

አሻግሬ መናኸሪያ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ያሁኑ ማፈር የሱ ነበር። እጁን ይዤ ካልነገርኸኝ አለቅህም አልሁት። «በገበያ ቀን፣ ዳባት መውጫ ላይ» አለኝ፤ «ባሕር ዛፉ ውስጥ ሆኖ ጠበቀው።» «ማን? ማንን?» «ምሥጋናው ናዋ፤ የየኔሰውን ታናሽ፣ ደርቤን።»

ደርቤ! በገና ጨዋታ ጊዜ ሜዳችን ላይ ከታደለ ጎን ሆኖ ይጫወት የነበረው ደርቤ? ታደለ የሞተ ዕለት እኮ ጎንደር ቀን ሥራ ላይ ነበር። ፋሱንም በሬውንም አላየ። እሱ ምን አደረገ?

«ቆላ ወርዷል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያንን ስትጽፊ የት እንዳለ ታውቂ ነበር፤ ከፊደሎችሽ መጣደፍ አሁን ይታየኛል። ለምን ደበቅሽኝ? ብትነግሪኝ እኮ በዚያው ዕለት መኪና ተሳፍሬ እመጣ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቼ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።

አሻግሬ የሚያውቀው ደርቤን ወደ ጎንደር ሲወስዱት እስትንፋሱ እንዳልወጣ ብቻ ነው። ተርፏል? ምሥጋናውስ ቆስሏል? የት አስረውታል? ምን በልቶ ያድራል? እባክሽ ሳትደብቂ፣ ሳታሳምሪ ጻፊልኝ።

ጽጌ

―――

ደባርቅ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጽጌዬ፣

ይቅር በይኝ የምለው ገና ብዙ ስላለ ይቅርታውን ለመጨረሻ ላቆየው።

ደርቤ ሞቷል። የጎንደር መንገድ ላይ ኮሶዬን ሳያልፉ፣ መኪናው ውስጥ፣ ራሱን የማያውቃት የዳባት ነጋዴ ሴት ጭን ላይ እንዳደረገ ነው የሞተው። ሴትየዋ ደሙ የነካውን ቀሚሷን አላወለቀችም አሉ፤ በዚያው ወደ ቀብሩ መጣች።

ምሥጋናው ቆላ አልወረደም። የሙት ዓመቱ ዕለት ማታ የታደለን ፋስ ከጎታው ሥር ሲያወጣ አየሁት። አየሁትና ዞር አልሁ። ከዚያ ወዲያ ሲያደባ ከረመ፤ በገበያ ቀን፣ ገበያው ሲበተን፣ ደርቤ ሁለት በግ እየነዳ መጣ። ምሥጋናው የልጁን ራስ ነበር ያለመው፤ ልጁ ድምፅ ሰምቶ ዘወር ሲል ፋሱ ትከሻው ላይ ገባ። ሁለተኛው አንገቱ ሥር። ሦስተኛውን ወድቆ ሳለ ነው። በጎቹ ደም የነካው ሣር ላይ ቆመው ሲግጡ ሰው ደረሰ። ምሥጋናው አልሸሸም። ፋሱን ትከሻው ላይ አድርጎ እየፎከረ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

አሁን የደበቅሁሽን ስሚ። ወሬው ምግብ ቤቴ ሲደርስ ድስት እያማሰልሁ ነበር። እልል አልሁ። ማማሰያውን እንደያዝሁ ሦስት ጊዜ እልል አልሁ፤ ተመጋቢው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ እያየኝ። ከዚያ «ደርቤን ነው እኮ» አሉኝ። የኔሰው እስር ቤት መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃልኝ! በዚያች ቅጽበት የሞተው የኔሰው መስሎኝ ነበር። ማማሰያውን ጣልሁት፤ እልልታዬ ግን አንዴ ወጥቷል፣ መናኸሪያው ሰምቶታል፤ ወለተ ጊዮርጊስም ሰምታለች።

ክሱ ከባድ ግድያ ነው። አድብቶ፣ አስቦ፣ ቂም ይዞ ይላል። ዐቃቤ ሕጉ «ለሌላው ማስተማሪያ እንዲሆን» ብሎ ሞት ሊጠይቅበት እንደሆነ ጠበቃው ነግሮኛል። የኔን ቃል ነው እኮ የተናገረው! አፌን ሰርቆ! የደርቤ አጎት ልጆች ደግሞ ፍርድ ቤቱን አንጠብቅም ብለዋል። ለቀጠሮ ሲያመላልሱት መንገድ ላይ ሊያገኙት ምለዋል።

ያንን መጽሔትሽን አምጭልኝ። ሁለት ሦስት አድርጊው። አንዱን ለጠበቃው፣ አንዱን ለዳኛው እሰጣለሁ። ሰው ይታረማል ያልሽበትን ገጽ እጠፊልኝ። ነይም። ብቻዬን ነኝ።

ይቅርታዬ ይኸውልሽ፤ አሁን ነው የምልሽ። ይቅር በይኝ።

አምሳል

―――

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አምሳል፣

በሰላም ገብቻለሁ። በአሻግሬ የላክሽልኝን ቆሎ ሳልቀምሰው ራሱ ጨርሶልኛል፤ እያዘነ ነው ደግሞ የሚበላው።

«ለምን ሳትሰናበቺኝ፣ ሳትበዪ፣ ከእስር ቤቱ በር በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄድሽ?» ብለሻል። ትክክል ነሽ፣ ነውር ነው። አንቺ ተራሽን ስትጠብቂ እኔ ቀድሜ ገባሁ አይደል? ምሥጋናው ከሽቦው ማዶ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። የኮራ መስሎኝ ነበር፤ አልኮራም። «ጽጌ፣ ልጁ እኮ ዘወር ሲል ‹ጋሼ ምሥጋናው› ብሎ ሰላም ሊለኝ ነበር» አለኝ። «አፉ ተከፍቶ ነበር። ፋሱ ከእጄ ወጥቶ ነበር።» ከዚያ ወዲያ ያወራው ስለ ቁንጫ ብቻ ነው።

ልወጣ ስል ከሸማ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ የተስተካከለ ጸጉር። ለሽማግሌ እስረኛ ድር እንዴት እንደሚወጠር እያሳየ ነበር። ሽማግሌው ሲሳሳት አብሮት ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ። እንደ ልማዴ መልኩ ጠፋኝና ፈታሿን «ማነው?» አልኋት። «የኔሰው ነው» አለች። «ከእሱ የሚሻል የለንም፤ ጠብ የሚያበርደው እሱ ነው፣ የታመመ የሚያስታምመው እሱ ነው።»

እትዬ፣ እጄ ድንጋይ ፈለገ። እውነቴን ነው፤ ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁት። ያ ሁሉ ጽሑፌ፣ ያ ሁሉ «ሰው ይታረማል» ከራሴ ጠፋ። ሳይታረም ቀርቶ ባየው ኖሮ ቀላል ነበር። ታርሟል! ያንገበገበኝ መታረሙ ነው። በታደለ ራስ ላይ ተምሮ ጥሩ ሰው ሆነ? የኛ ልጅ አፈር ለብሶ የሱ ሳቅ እንዲህ ይድመቅ? ያኔ ቢሰቅሉት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ያንቺኑ ቃል፣ ከነድምፅሽ። እንደዚያ ሆኜ ያንቺን ፊት ማየት አልቻልሁም። «ይኸው፣ መጣሽልኝ» ብለሽ እንዳትስቂብኝ ፈራሁ።

መጽሔቶቹን ለጠበቃው ሰጥቻለሁ። ገጹንም አጥፌዋለሁ። ሳጥፈው እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ነበር የታየኝ።

ጽጌሬዳ

―――

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። አልሳቅሁብሽም። ድሮ ብትነግሪኝ እስቅ ነበር።

የፋሲካው ዶሮ እንዴት ሆነ ብለሽ የጠየቅሽኝን ዛሬ ነው የምመልስልሽ። እጄ እሺ አላለኝም ነበር።

ምሥጋናው ጾሙን በእኔ እጅ እንዲፈታ ብዬ ዶሮውን ራሴ ሠራሁት። ቅቤው ከዳባት፣ ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ፤ ፈታሿ ሽታው ሲደርሳት ዓይኗን ጨፈነች። ያላወቅሁት የግቢውን ደንብ ነው። በዓል ሲሆን ጠያቂ የሌለው እንዳይከፋው የሁሉም ስንቅ አንድ ላይ ተሰብስቦ በየትሪው ይከፋፈላል። ማን ከማን ድስት እንደደረሰው አይታወቅም። የኔ ዶሮ ሸማ ቤት ገባ።

የኔሰው ጎረሰ። ሁለተኛ ጎረሰና «ይሄስ የባለሙያ እጅ ነው፤ የማን ነው?» አለ። «የአምሳል ነዋ፤ የመናኸሪያዋ» አሉት። ተነሣ። ማንንም ሳያናግር ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄደና ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ አስመለሰው። ምክንያቱን በኋላ ሲጠይቁት «ደማቸው በእጄ ላይ ያለ ሰዎች እህል ነው፤ በስርቆት ልታረቃቸው አልችልም» አለ። አየሽ፣ አክብሮን ነው። ግን ለምሥጋናው የደረሰው ወሬ ሌላ ነው። «የእኅትህን ዶሮ የኔሰው ተጸይፎ ተፋው» አሉት።

በታደለ ደም ቂም የሞላበት ልጅ በዶሮ ወጥ ፈነዳ! ከልብስ ማጠቢያው ሥር ድንጋይ አነሣ። የኔሰው ሲያየው ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። የመጀመሪያው ጥርሱን አረገፈው። ሁለተኛው ግራ ዓይኑን አፈሰሰው፤ ፈታሿ «እንደ እንቁላል» አለችኝና አፏን ያዘች። ሦስተኛውን ሳይሰነዝር ወታደሮቹ ደረሱ። የኔሰው በደም ታጥቦ መሬት ላይ ተቀምጦ «ማን መታህ?» ሲሉት «ወድቄ ነው» አለ። ያ ሁሉ እስረኛ እያየ! ዛሬም በዚያው ቃሉ ነው። ቃሉን ቢቀይር ምሥጋናው ሌላ ክስ ይጨመርበት ነበር፤ ሞቱ ያለ ጥርጥር ነበር።

እኔ ደግሞ ይሄን ስሰማ ተናደድሁ። ይሄ ሰውዬ አሁን ደግሞ ውለታ ሊያስገባኝ ነው? ወንድሜን ገድሎ፣ ሌላውን ሊያተርፍልኝ? ማን ለመነው! ድስቱን እያጠብሁ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልሁ። ያ ዓይን ግን ከፊቴ አልሄድ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ አሁን ሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ጉሮሮው አልፏል፣ ታርቋል» ይላል፤ ገሚሱ «አስመልሶታል፣ አልበላም» ይላል። ጋቢ የለበሰ ትልልቅ ሰው ስለ አንድ ሰው ሆድ ዕቃ ሲከራከር ብታይ፣ ለመጽሔትሽ ዓመት ይበቃሽ ነበር። በመጨረሻ መሪጌታ ቃለ አብ ቆረጡት፦ «ነገሩ ያለው ከላኪዋ ልብ ነው። አምሳል ዶሮውን ለታሰረው ሁሉ ብላ እንደላከችው በመስቀል ፊት ከማለች፣ የተሰጠ ማዕድ ነው፤ ሁለቱም ደም ተዘግቷል። የደርቤ ዘመዶችም ፋሳቸውን ያስቀምጣሉ፤ ፍርድ ቤቱም ዕርቁን ያይላቸዋል። ለወንድሜ ብቻ ነው ካለች ግን የለም።»

መሐላው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው። ለወንድሜ ብቻ እንደላክሁት አንቺም ታውቂያለሽ። ምን ልበል?

አምሳል

―――

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ማይልኝ። አትመርምሪው፣ አትጨነቂ፤ በመስቀሉ ፊት ቁሚና «ለሁሉም ነው የላክሁት» በዪ። አንዲት አረፍተ ነገር ናት። ለነፍስ አባትሽ ትናገሪያለሽ፣ ትሰግጃለሽ፣ እኔም አብሬሽ እሰግዳለሁ። ምሥጋናውን ፍርድ ቤት ሲወስዱት ያቺ ባሕር ዛፍ ታስፈራኛለች። ዛፉ ውስጥ የሚጠብቀው እንግዲህ የነሱ ሰው ነው።

«የተማርሽ ሆነሽ ሐሰት እንድምል ትመክሪኛለሽ ወይ?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አዎ። ስለ ሰው መታረም ለመጻፍ ስቀመጥ እንዲህ ያለው ቀን አልታየኝም ነበር። አሁን ወረቀቱ ፊቴ አለ፤ አዘጋጁ «ቅጣት ይጥበቅ ወይስ ይላላ» በሚል ርዕስ ለሚቀጥለው እትም ጠይቆኝ ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍሁም። ቅጣት ይጥበቅ ብል ምሥጋናው ይሰቀላል። ይላላ ብል የኔሰው ይፈታል። ሁለቱንም ስጽፍ እጄ ይቆማል።

የዓይኑንም ልንገርሽ። ይህን ስታነቢ ይቅር በይኝ፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። «አንድ ዓይን ለታደለ» አልሁ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ድምፄን አውጥቼ። ጓደኛዬ ዞራ አየችኝ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ማጣመሩ ትዝ አለኝና ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ አስመለሰኝ።

ማይልኝ እትዬ። ከሦስት ወንድ የቀረን አንዱ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ሁለት ወንድሞች ብቻ እንደነበሩን ቆይቶ ታወሰኝ። ፍርሃት እንዲህ አድርጎኛል፤ ደርቤን ከኛ ቆጥሬዋለሁ።

ጽጌሬዳ

―――

ደባርቅ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌዬ፣

ሰላምታዬ ከልብ ይድረስሽ። «ማልሽ ወይ?» ብለሽ በአሻግሬ አፍም በወረቀትም ጠይቀሽኛል። አልማልሁም።

ደጀ ሰላሙ ሞልቶ ነበር። በአንድ ወገን የኛ ሰው፣ በሌላው ወገን የነሱ፤ የደርቤ አጎት ልጆች ዱላቸውን እንኳ መሬት ላይ አላስቀመጡትም። መሪጌታ ቃለ አብ መስቀሉን ዘረጉልኝ። እጄን ላነሣ ስል እማማ ወለተ ጊዮርጊስን አየኋቸው። ሴትየዋን ለሦስት ዓመት «እሷ» ስላቸው ኖሬ አሁን «እርሳቸው» ብዬ መጻፌን አየሽ? ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። የጉንጫቸው ቆዳ እኔ ለታደለ ፊቴን የፋቅሁትን ያህል ተፍቋል። እልልታዬን የሰሙት እኒህ ጆሮዎች ናቸው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ወዲያ ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«አባቶቼ» አልሁ፤ «ዶሮው ለወንድሜ ብቻ ነው የተላከው። የኔሰው እንደሚቀምሰው ባውቅ ኖሮ መርዝ እጨምርበት ነበር።»

መሪጌታ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት። ከኛ ወገን አንዱ «አበደች!» ሲል ሰማሁ። አንዱ ዱላ ሲነሣ አየሁ። ያን ጊዜ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዚያ ሁሉ ወር አፋቸውን ያልከፈቱት ሴትዮ፣ «ተዋት» አሉ። «እውነቷን ነው። እኔም ለምሥጋናው እጨምር ነበር።»

ዱላው ወረደ። የታረቀ ሰው የለም፤ ግን ሰው ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ለሦስት ዓመት ከሽማግሌ፣ ከቄስ፣ ከጠበቃ፣ ካንቺም ጋር ስነጋገር ልቤን ያገኘው ሰው እኒህ ሴትዮ ብቻ ሆኑ።

ስለ ፍርዱ ጠይቀሽኛል። እንግዲህ ስሚኝ፤ እኔ ያሰብሁትን እጽፍልሻለሁ፣ አንቺ ለመጽሔትሽ አሳምሪው። ምሥጋናው ይታሰር። ረጅም ይታሰር። «ጋሼ» ያለውን ልጅ ፊት በየቀኑ እያየ ይታሰር፤ እኔም ስንቁን እያመላለስሁ ላርጅ። ግን አይሙትብኝ፤ ሲወጣም ሰው ሆኖ ይውጣልኝ። ይሄን ለእሱ ከለመንሁ ለየኔሰው እንዴት እከለክላለሁ? ለታደለ የምጠይቀው ፍርድ አለ፤ ለምሥጋናው የምለምነው ምሕረት አለ። ሁለቱም የኔው ወንድሞች ናቸው። ዳኛው የሚለየውን ይለይ፤ እኔ መለየት አቅቶኛል።

የሚቀጥለው ቀጠሮ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ የደርቤ አጎት ልጆች ቃላቸውን አላነሡም። ስለዚህ ነገ ማለዳ ዳባት እወርዳለሁ። ብቻዬን ነኝ። ዳቦ አልጋገርሁም፣ ዶሮ አልሠራሁም፤ እኔ የምሰጣቸውን መብላት አይችሉም፣ ባይበሉም አልፈርድባቸውም። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ እቆምና «ርቦኛል» እላለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳበላ ኖሬ፣ እንዲህ ብዬ ለማኝ ሆኜ የሰው ደጃፍ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ከገቡና እህል ይዘው ከወጡ እዚያው ቆሜ፣ የዱላ ሰዎቹ እያዩ እበላዋለሁ፤ ለሁለቱም ቤት፣ ለታደለም ለደርቤም እውጠዋለሁ። የጨመሩበት ነገር ካለም እውጠዋለሁ፤ እንደሚጨምሩ በመስቀል ፊት ነግረውኛልና አልተታለልሁም።

ፋስ ይዘው ከወጡ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርስሻል። እህል ከሰጡኝ ግን የወጡን ዓይነት፣ ጨው በዝቶት እንደሆነ፣ በምን ዓይን እያዩኝ እንደበላሁ፣ ስንቴ እጄ ወደ ማዕዱ እንደተመለሰ አንድ ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

እኅትሽ አምሳል